መዝሙሩና ደራሲው

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በዋስ፣ በባለዕዳና በምስክር ላይ ነው። በመዝሙር ላይ ሲጠቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን ብናስተውለው፣ በሰው ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ገዛ ነፍሱ የሚዘምር ሰው፣ በዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ከሚሰጥ ሰው በምን ይለያል? እንዲያውም የዘማሪው ቃል የበረታ ነው። ምስክር አንድ ጊዜ ተናግሮ ይሄዳል፤ ዘማሪ ግን ያንኑ ቃል በየሳምንቱ እየደጋገመ ያጸናዋል።

ስለዚህ ለወጣት አንባቢዎቼ ስለ አንድ መዝሙርና ስለ ደራሲው ጥቂት ልጽፍ አሰብሁ። መዝሙሩ እንግሊዞች «አሜዚንግ ግሬስ» የሚሉት ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ «አስደናቂ ጸጋ» ማለት ነው። ደራሲው ጆን ኒውተን ይባላል። ከወንጌል መዝሙሮች መካከል የዚህን ያህል በዓለም የታወቀ ጥቂት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው እንኳ ዜማውን ሲሰማ ይለየዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከመዝሙሩ ጋራ አብሮ የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። ሲነገርም እንዲህ ነው፦ ኒውተን የባሪያ ነጋዴ ነበረ፤ አንድ ሌሊት ባሮች ጭኖ በባሕር ላይ ሲሄድ ማዕበል ተነሣበት፤ ወደ እግዚአብሔር ጮኸና ዳነ፤ ወዲያው መርከቡን አዙሮ ባሮቹን ወዳገራቸው መለሳቸው፤ ከዚያም ንግዱን ትቶ በዚያው በመርከቡ ላይ ይህን መዝሙር ጻፈ። ይህ ታሪክ ያማረ ነው። ለሚሰብክ ሰው ይመቻል፤ ከአድማጭም እንባ ያወጣል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እውነት አይደለም።

እውነቱን በቅደም ተከተል እንመልከት። ጆን ኒውተን በ1725 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበረ። እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምራ ቅዱሳት መጻሕፍትንና መዝሙርን ታስተምረው ነበር፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። በዐሥራ አንድ ዓመቱ ከአባቱ ጋራ ባሕር ገባ። በጐልማሳነቱ በግድ ተይዞ የባሕር ኃይል ወታደር ሆነ፤ ከድቶ ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ተገረፈ፤ ከማዕርጉም ተሻረ። ከዚያ በኋላ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከአንድ የባሪያ ነጋዴ ዘንድ አደረ፤ በዚያም ታመመ፣ ተራበ፣ እንደ ባሪያም ተዋረደ። የውርደትን መራራ ጣዕም ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ሥጋው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

በማርች ወር 1748 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በኃይለኛ ማዕበል ተመታች። ኒውተን ሞት ሲቀርበው የተዋትን የእናቱን ትምህርት አሰበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እግዚአብሔር መመለስ ጀመረ፤ ቀኑንም እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያስበው ነበር። እስከዚህ ድረስ የሚነገረው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያች መርከብ ውስጥ አንድም የሚመለስ ባሪያ አልነበረም፤ የጫነችው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና የቀለም እንጨት ነበር።

ከዚያስ በኋላ ምን አደረገ? ብዙም ሳይቆይ «ብራውንሎ» በምትባል የባሪያ መርከብ ላይ የአዛዡ ምክትል ሆኖ ወደ አፍሪካ ሄደ። መርከቧም የገዛቻቸውን ሰዎች ጭና ባሕሩን ተሻግራ በ1749 ዓ.ም. በአሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ቻርልስተን ከተማ ደረሰች። ኒውተን በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ተናገረው፣ በዚያች ከተማ ሳለ ሥራው ፋታ ሲሰጠው ወደ ጫካ እየወጣ ብቻውን ይጸልይ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ፋታ ሲሰጠው የተባለው ሥራ ምን እንደ ነበረ አስብ፤ የሰው ልጅ ጭኖ ማራገፍ ነበረ።

ከ1750 እስከ 1754 ዓ.ም. ደግሞ ራሱ አዛዥ ሆኖ ሦስት ጊዜ ወደ አፍሪካ ተመላልሷል። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስ ነበር። ከሚጸልይበት ወለል ሥር ግን ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው በሰንሰለት ታስረው፣ ሴቶችና ልጆች ከዘመዶቻቸው ተለይተው ተጋድመው ነበር። በ1752 ዓ.ም. ምርኮኞቹ አደሙብኝ ብሎ ፈርቶ፣ ልጆችን በብረት አስሮ አውራ ጣት በሚጨምቅ መሣሪያ እያሠቃየ እንዳናዘዛቸው በመርከቡ መዝገብ ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል። በ1754 ዓ.ም. ከባሕር የቀረውም ሕሊናው ስለ ወቀሰው አይደለም፤ ድንገተኛ ሕመም ስለ ጣለው ነው። በዚያ ዘመን ሥራው ኀጢአት ነው የሚል አሳብ ወደ ልቡ እንዳልገባ፣ እንዲያውም እግዚአብሔር ያዘጋጀለት መተዳደሪያ እንደሚመስለው እርሱ ራሱ ነግሮናል።

ከዚህ በኋላ በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ሠራ። በ1764 ዓ.ም. ክህነት ተቀብሎ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ሕዝቡን ያገለግል ጀመር። ከኦልኒ ሰዎች ብዙዎቹ ዳንቴል እየሠሩ የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ኒውተን ለእነርሱ የሚሰብከውን ትምህርት በቀላሉ እንዲይዙት በመዝሙር መልክ ያዘጋጅላቸው ነበር። አሁን የምንናገርለትን መዝሙር ያዘጋጀው በጃንዋሪ 1 ቀን 1773 ዓ.ም. ለአዲስ ዓመት ስብከቱ ነው። የስብከቱ ምንባብ ንጉሥ ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ ስለ ተደረገለት ቸርነት የሚናገርበት የመጀመሪያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 17 ነበር። በ1779 ዓ.ም. ከወዳጁ ከባለቅኔው ከዊልያም ኩፐር ጋራ 348 መዝሙሮች ያሉበት መጽሐፍ ሲያሳትሙ ይህም አብሮ ታተመ። እንግዲህ ከማዕበሉ እስከ መዝሙሩ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አልፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ መዝሙሩ እንግባ። ኒውተን የጻፈው ስድስት ክፍል ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል አራት ስንኝ አለው። ስንኞቹ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ስድስት ቀለም እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ መጨረሻቸውም እየተፈራረቀ ቤት ይመታል። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ዳንቴል ሠሪዋ ሴት ሥራዋን ሳታቋርጥ ልትሸመድዳቸው ትችላለች። አሳቡም ሥርዓት አለው፤ በመጀመሪያ ያለፈውን ዘመን ይመረምራል፣ ቀጥሎ ያለበትን ያያል፣ በመጨረሻም የሚመጣውን ይጠብቃል። ትምህርቱን ለማስረዳት አያብራራም፤ የደረሰበትን ይናገራል እንጂ። ጥሩ መዝሙር ከስብከት የሚለየው በዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ራሱን የሚጠራበትን አንድ ቃል ነው። ቃሉ መራራ ነው፤ ጐስቋላ፣ የተናቀ፣ ከሰው በታች የወደቀ ማለት ነው። በዘመናችን አንዳንድ የመዝሙር መጻሕፍት አዘጋጆች ይህ ቃል ለሰው ክብር አይስማማም ብለው በለስላሳ ቃል ለውጠውታል። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ያ ሰው በመርከቡ መዝገብ ምን እንደ ጻፈ ያወቀ ሰው፣ ቃሉ መብዛቱን ሳይሆን ማነሱን ይናገራል። ሐኪም የቁስሉን ስም ስላለሰለሰው ቁስሉ አይሽርም።

ምስጋናው ይህ ከሆነ ነቀፌታውንም ደግሞ መናገር ይገባል። በስድስቱ ክፍል ውስጥ «እኔ» የሚለው መላልሶ ይመጣል፤ «እነርሱ» ግን የለም። ጠፍቶ የነበረው እርሱ ነው፤ የተገኘውም እርሱ ነው። እርሱ ስላጠፋቸው ሰዎች ግን አንድም ቃል አልተነገረም። ከሰው እጅ የተገዙት፣ ባሕር ያሻገራቸው፣ በቻርልስተን ወደብ የተራገፉት ሰዎች በዚያ መዝሙር ውስጥ ጥላቸው እንኳ አይታይም። መታወሩ ቀርቶ ማየቱን ይዘምራል። እውነት ነው፣ ዓይኑ በርቶ ነበር። ነገር ግን የበራው ወደ ላይ ብቻ ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ መርከቡ ሆድ ገና አላየም።

ስለዚህ ከላይ የተናገርሁት የሐሰት ታሪክ የሚጐዳው እውነትን ብቻ አይደለም። በዚያ ታሪክ ባሮቹ ወዲያው ወዳገራቸው ተመልሰዋል፤ ያዘነ የለም፣ ዕዳ የቀረበት የለም። በእውነተኛው ታሪክ ግን ተሽጠዋል። ደራሲውን ለማክበር ብለን ታሪኩን ስናሳምረው፣ የተበደሉትን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ከመዝገብ እንፍቃቸዋለን። እግዚአብሔርን ለማመስገን ሐሰት አያስፈልግም፤ በሐሰት የሚታገዝ ምስጋናም ዕድሜ የለውም።

አንድ ሰው «መዝሙሩ መልካም ከሆነ ስለ ደራሲው ኑሮ ምን አገባን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ አገር ከ1820 እስከ 1915 ዓ.ም. የኖረች ፋኒ ክሮስቢ የምትባል ሴት ነበረች። ገና የጥቂት ሳምንት ሕፃን ሳለች ዓይኗ ጠፋ። እርሷ ግን ከስምንት ሺህ የሚበልጡ መዝሙሮች ደረሰች። ያንድ ሰው ስም እንዳይበዛ አሳታሚዎች ብዙዎቹን በልዩ ልዩ የብዕር ስም ያወጡላት ነበር። ያን ጊዜ ያ መዝሙር የዓይነ ስውር ሥራ መሆኑን ሳያውቅ የዘመረ ሕዝብ፣ የወደደውን ወደደ፣ የተወውን ተወ። ዛሬ ከስምንቱ ሺህ የሚዘመሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ዓይነ ስውርነቷ የተረሱትን ከመረሳት አላዳናቸውም፤ የቀሩትም የቀሩት በቃላቸው ብርታትና በዜማቸው ነው። ከዚህ የምንማረው የደራሲው መከራ ለመዝሙሩ ዋስ ሊሆን አለመቻሉን ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በሺካጎ ከተማ ቶማስ ዶርሲ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነበረ። አስቀድሞ ብሉዝ የሚባለውን የጭፈራ ቤት ሙዚቃ በፒያኖ ይጫወት ነበር፤ በኋላ ግን ያንን የሐዘን ቅላጼ ወደ ቤተ ክርስቲያን አግብቶ ዛሬ ጎስፔል ለሚባለው መዝሙር አባት ተብሏል። በ1932 ዓ.ም. ለአገልግሎት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። ከዚህ ሐዘን የወጣው መዝሙር፣ ጌታ እጁን ይዞ እንዲመራው የሚለምንበት ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ግን የሚስቱ ስም የለም፤ ሕፃኑም የለም፤ ሴንት ሉዊስም የለም። የደከመ ሰውና መሪ እጅ ብቻ አሉ። ስለዚህ ሚስት የሞተችበትም፣ እናት የሞተችበትም፣ ሥራ አጥቶ የተጨነቀም ሰው የራሱ አድርጎ ይዘምረዋል።

እንግዲህ በመዝሙር ውስጥ ያለው «እኔ» በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው ማለት እንችላለን። ቤቱን የሠራው ይወጣና ሌላው ይገባበታል። የኒውተንን መዝሙር የነቀፍሁበት ነገር እዚህ ላይ ፊቱን ይለውጣል። መርከቡንና ባሕሩን ስላልጠቀሰ፣ ስሙንም ስላልጻፈ፣ በቤቱ ማንም ሊገባበት ቻለ። ማን እንደ ገባበት ከዚህ በታች እናያለን። ነገር ግን ቤት ክፍት መሆኑ ሠሪውን ከዕዳው አያወጣውም። የደራሲውን ኑሮ የምንጠይቀው መዝሙሩን ለማስጌጥ ሳይሆን፣ የተናገረው ቃል በእርሱ ላይ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ ነው።

በኒውተን ላይ ቃሉ ቀስ ብሎ ሠራ። በ1780 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተዛውሮ በዚያ ያገለግል ጀመር። በ1785 ዓ.ም. ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል ወጣት የፓርላማ አባል በጭንቀት ወደ እርሱ መጥቶ ምክር ጠየቀው። ወጣቱ የመንግሥትን ሥራ ትቶ ለነፍሱ ብቻ ሊኖር አስቦ ነበር። ኒውተን ግን ባለበት ሆኖ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል መከረው። ይህ ወጣት ነው በኋላ የባሪያ ንግድ እንዲቀር በፓርላማ ለሃያ ዓመት ያህል የተከራከረው።

በ1788 ዓ.ም. ኒውተን ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያች መጽሐፍ የራሱን ኀጢአት በሕዝብ ፊት ተናዘዘ፤ ኑዛዜው ዘግይቶ እንደ መጣ፣ ያንን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ ባሰበ ቁጥርም እንደሚያፍር ሳይሸሽግ ጻፈ። ቀጥሎም መርከቡን ከፍቶ አሳየ፦ ሰዎቹ ለመገላበጥ እንኳ ስፍራ አጥተው እንዴት ተጠቅጥቀው እንደሚጫኑ፣ ሰንሰለቱ ሥጋቸውን እንዴት እንደሚልጠው፣ ሴቶች ምን እንደሚደርስባቸው፣ ስንቱ በመንገድ እንደሚሞት ተናገረ። ከዚህም ሌላ ነገሩን እንዲመረምሩ ለተሾሙ ሰዎች ቀርቦ መሰከረ። በዚህ ጊዜ ስድሳ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ከባሪያ መርከብ ከወረደ ሠላሳ አራት ዓመት፣ መዝሙሩን ከዘመረ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በ1773 ዓ.ም. የተጻፈው መዝሙር ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሹ በ1788 ዓ.ም. የታተመችው ትንሽ መጽሐፍ ናት። በመዝሙሩ «እኔ» ብሎ የጀመረውን በመጽሐፉ «እነርሱ» ብሎ ፈጸመው። መዝሙሩ ለእግዚአብሔር የቀረበ ምስጋና ነው፤ መጽሐፉ ለተበደለው ሰው የቀረበ ዕዳ ነው። ምስጋናው በሁሉ አፍ ሲዘመር፣ ዕዳው የተከፈለባትን መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ባለቅኔው ኩፐር፣ የኒውተን ወዳጅ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረ። መዝሙሩ በተዘመረበት በዚያው በጃንዋሪ 1773 ዓ.ም. ሕመሙ ተነሣበት፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ጥሎኛል እያለ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተወ። ሆኖም በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው ግጥም የባሪያን ንግድ በግልጥ ነቅፏል፤ በ1785 ዓ.ም.ም ደግሞታል። ኒውተን ገና ዝም ብሎ ሳለ ማለት ነው። «ድኛለሁ» ብሎ የሚዘምረው ዘገየ፤ «ጠፍቻለሁ» ብሎ የሚያለቅሰው ቀደመ። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ባልንጀራችሁን በመዝሙሩ ድምፅ ከፍታ አትመዝኑት። የሚያጕረመርመው ከሚያመሰግነው ቀድሞ መልካም ሥራ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስለ ዜማው ደግሞ ጥቂት ልበል። ኦልኒ ላይ የተዘጋጀው መጽሐፍ ዜማ የለውም፤ ቃሉ ብቻ ነው። በስምንትና በስድስት ቀለም የተሠራ መዝሙር በዚያ ልክ ባለው በማናቸውም ዜማ ሊዘመር ይችላልና። ዛሬ የምናውቀው ዜማ ከቃሉ ጋራ የተጋባው በአሜሪካ አገር ነው፤ በ1835 ዓ.ም. የሳውዝ ካሮላይና ሰው የሆነው ዊልያም ዎከር ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ አንድ ላይ አወጣቸው። ዜማውን ማን እንደ ደረሰው አይታወቅም። አንዳንዶች ኒውተን በመርከቡ ሆድ ከታሰሩት ሰዎች እንጕርጕሮ ሰምቶ ያዘው ይላሉ፤ ነገር ግን ቃሉና ዜማው የተገናኙት እርሱ ከሞተ በኋላ ነውና፣ ይህም እንደ ፊተኛው ያማረ ወሬ ነው። ዜማው በአምስት ድምፅ ብቻ የቆመ ነው። ትዝታን የለመደ የእኛ ጆሮ ሲሰማው እንግዳ የማይሆንበት ስለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚወደው የመጨረሻው ክፍልም የኒውተን አይደለም፤ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ1852 ዓ.ም. ስለ ባርነት ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ አጎት ቶም የተባለው ባሪያ ከዚህ መዝሙር ጋራ አያይዞ የዘመረው፣ ከሌላ መዝሙር የመጣ ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ መዝሙር በብዙ እጅ ተሠራ።

አሁን በዚያ ክፍት ቤት ማን እንደ ገባበት እንይ። የገቡበት እነዚያው በመርከቡ ሆድ የተጫኑት ሰዎች ልጆች ናቸው። በአሜሪካ ጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት መዝሙሩ ቀስ ተብሎ፣ እየተሳበ፣ ከልቅሶ ጋራ ይዘመር ጀመር። ታላቋ የጎስፔል ዘማሪ ማሄልያ ጃክሰን በ1947 ዓ.ም. በሸክላ አስቀረጸችው። በእነርሱ አፍ የቃሉ ትርጕም ሰፋ። ኒውተን ስለ ነፍሱ መከራ የተናገረው ለእነርሱ የሥጋም መከራ ሆነ፤ እርሱ ከኀጢአቱ መውጣቱን የዘመረበትን ቃል እነርሱ ከሰው ኀጢአት መውጣታቸውን ዘመሩበት። በዳዩ የሠራውን ቤት ተበዳዮቹ ወረሱት። ከእርሱም ይልቅ አሳምረው ኖሩበት።

በጁን ወር 2015 ዓ.ም. በቻርልስተን ከተማ አንድ ነጭ ወጣት ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችን በጥይት ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ክሌመንታ ፒንክኒ ነበረ። በቀብሩ ሥርዓት ላይ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ንግግር ሲያደርግ ቆይቶ ዝም አለ፤ ከዚያም ብቻውን ይህን መዝሙር ጀመረ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ተቀበለው። አንባቢ ሆይ፣ ያች ከተማ በ1749 ዓ.ም. ወጣቱ ኒውተን የጫናቸውን ሰዎች አራግፎ ወደ ጫካ ለጸሎት የወጣባት ከተማ ናት። ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ዓመት አልፎ ጸሎቱ ወደዚያች ከተማ ተመለሰ። ነገር ግን የተመለሰው በእርሱ አፍ ሳይሆን በእነርሱ አፍ ነው።

የኒውተን ታሪክ መደምደሚያ አጭር ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያን ንግድ የሚከለክል ሕግ በማርች 1807 ዓ.ም. አወጣ። ባርነት ራሱ በእንግሊዝ ግዛቶች እንዲቀር የተወሰነው ግን በ1833 ዓ.ም. ነው። ኒውተን ዓይኑ ፈዞ፣ ጆሮው ደክሞ የንግዱን መከልከል ሰማ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሞተ። ዓይኑ በሥጋ ሲጨልም ወደ ታች ማየትን ተምሮ ነበር።

ወጣት አንባቢዬ፣ ከዚህ ሁሉ የማተርፍልህ ነገር ምንድር ነው? መዝሙርን አትናቅ፤ ከደራሲውም በላይ ዕድሜ አለው። የደራሲን ታሪክ ሲነግሩህ ደግሞ ያማረውን ሳይሆን እውነተኛውን ጠይቅ፤ እውነተኛው ታሪክ የሚያሳፍር ቢሆንም ከውሸተኛው ይልቅ ያጽናናል። በአንድ ሌሊት ጻድቅ የሆነ ሰው ታሪክ ለእኔና ለአንተ ምን ይጠቅመናል? እኛ በአንድ ሌሊት የምንለወጥ አይደለንም። አርባ ዓመት ሙሉ እየወደቀ፣ እያፈረ፣ እየዘገየ፣ በመጨረሻ የተናገረውን ቃል የከፈለ ሰው ታሪክ ግን መንገድ ያሳየናል። ይህን ስል መዘግየቱን አላመሰግንም፤ እርሱ በዘገየበት ዓመት ሁሉ መርከቦች እየተጫኑ ነበርና።

እንግዲህ በጉባኤ መካከል ቆመህ አፍህን ስትከፍት፣ በምትዘምረው ቃል ሥር ስምህን እንደ ፈረምህ ቍጠረው። ዓይኔ በራ ብለህ ከዘመርህ፣ ዝማሬው ሲያልቅ ወደ ታች ተመልከት፤ ከእግርህ ሥር የተጋደመ ሰው አለና። ምናልባት በቤትህ ያለችው ሠራተኛ ናት፤ ምናልባት ደመወዙን ያዘገየህበት የቀን ሠራተኛ ነው፤ ምናልባት ያማኸው ጓደኛህ ነው። እርሱን እስክታየው ድረስ መዝሙርህ ግማሽ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እውነት ነው። ቢሆንም ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ሰው ግን ተነሥቶ መስኮቱን ካልከፈተ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ሆኖ ሊውል ይችላል።